አሮጌዋን መዝጊያ ያወረድኩ ጊዜ

በርና መዝጊያ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በወጉ የተረዳሁት ባለፈው ክረምት ነው። በር ማለት ቀዳዳው ነው። ቀዳዳውን ማንም ይሠራዋል፤ ግድግዳውን እዚያ ጋ ሳይሠሩ መተው ብቻ ነው። መዝጊያ ግን ሰው ይፈልጋል፤ ያውም የሚያውቅ ሰው። እኔ ደግሞ በወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁ፣ ከማኅተም የከበደ ነገር አንስቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ፋይል በሉኝ፤ የአባታችሁን የግብር ደረሰኝ ዓይኔን ጨፍኜ አወጣላችኋለሁ። መጋዝ ስትሰጡኝ ግን ጥርሱ በየት ወገን እንደሆነ ለማወቅ መንካት አለብኝ። ነክቼም አውቄዋለሁ። ጠባሳው ይኸው አውራ ጣቴ ላይ አለ።

ነገሩ የጀመረው በዶሮ ነው። የቤታችን መዝጊያ ከትዳራችን ጋር እኩያ ናት፤ ሁለቱም አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ትዳሩ እንደምንም ቆሟል፤ መዝጊያዋ ግን ከደፉ በላይ ያለው ወገኗ በክረምት ዝናብ በስብሶ አንድ ጥግ ላይ ተቦርቡራለች። በዚያች ቀዳዳ የጎረቤታችን የእትዬ ሙሉ ዶሮዎች እንደ ቤተኛ ይገቡ ጀመር። አንዷማ አልጋችን ሥር መጣል ለመደች። አሁን እንቁላሉ የማን ነው? ዶሮዋ የእትዬ ሙሉ፣ አልጋው የእኔ። እትዬ ሙሉ በየማለዳው መስኮት ላይ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ዛሬስ ወለደች?» ይሉኛል። እንቁላሉን በሳህን ይዤ ስወጣ የሚያየኝ ሰው እኔ የጣልኩት እንዳይመስለው እሰጋ ነበር።

የሰፈራችንን አናጢ ለመንኩት። «ነገ» አለኝ። የአናጢን ነገ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰኔ ላይ የቀጠረኝ ነገ ሐምሌን ጨርሶ ነሐሴ ገባ። በዚህ መሐል አንድ ቀን ስልኬን ስነካካ፣ አንድ ፀጉሩን ከኋላ ያሰረ ፈረንጅ ጣውላ ቆርጦ፣ ልጎ፣ ገጣጥሞ፣ ቀብቶ መዝጊያ ሲሠራ አየሁ። በሰባት ደቂቃ። ሲጨርስ ከፊቱ ቆሞ ሻይ ጠጣ። የእኔን ልብ የሳበው መዝጊያው አልነበረም፤ ሻዩ ነው። እንዲህ ዘና ብሎ ሻይ የሚያስጠጣ ሥራ ምን ሊከብድ ይችላል?

ባለቤቴ የሺ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ናት። ስትደነግጥ አትጮህም፤ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«መዝጊያ?» አለችኝ።

«ምን አለው? ጣውላ ጎን ለጎን አሰልፎ መምታት ነው።»

«አንድ የሚያውቅ ሰው ጠርተን ብናማክርስ?»

«ሰው ምን ያደርጋል? እኔ አለሁ አይደል።»

«አንተማ አለህ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያን ጊዜ እንደ ሙገሳ ነበር የወሰድኩት።

ልጆቹ ለክረምቱ ሲማዳ አያታቸው ዘንድ ሄደዋል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ከመሥሪያ ቤት የአንድ ሳምንት የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ። ለሰባት ደቂቃ ሥራ ሰባት ቀን መውሰዴ ለጥንቃቄ ነው።

አእምሮ ያለው ሰው አዲሱን መዝጊያ ሠርቶ ሲጨርስ አሮጌውን ያወርዳል። እኔ ልኬት ለመውሰድ እንዲመቸኝ ብዬ ሰኞ ማለዳ፣ አንድም ጣውላ ሳልገዛ አሮጌዋን አወረድኳት። ከማጠፊያዋ ስትላቀቅ እጄ ላይ ተበተነች። አንዱ ሳንቃ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ እግሬ ላይ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ላይ ያቆያት ሚስማር ሳይሆን ልማድ ኖሯል። ሳንቃዎቹን ሰብስቤ ጓሮ ጣልኳቸው። ወደ ቤት ስመለስ የሺ ሳሎን መሐል ቆማ በቀዳዳው በኩል መንገዱን እያየች ነበር። መንገዱም እሷን እያያት ነበር።

ከተማችን ንፋስ መውጫ ናት። ስሟን ያወጣላት ሰው ነሐሴ ላይ እዚህ የነበረ መሆን አለበት። ነፋሱ እንግዲህ በሌላ ጊዜ በዚህ በኩል ሲወጣ ኖሮ፣ እኔ በዚያ ሳምንት መግቢያ ሠራሁለት። የየሺን ደብተሮች አንስቶ ወጥ ውስጥ ጨመራቸው፤ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ ነቅሎ ወሰደው። ሸራ ወጠርኩበት። ሸራውን ማክሰኞ ጠዋት ያገኘነው የእትዬ ሙሉ ጎመን ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቁም ሣጥኑን ገፍተን በሩ ላይ ደገፍነው፤ ለመውጣትም ለመግባትም ቁም ሣጥን መግፋት ሆነ ሥራችን። በሦስተኛው ቀን ትከሻዬ የአናጢ ትከሻ መምሰል ስለጀመረ ደስ ብሎኛል።

ጣውላ ልገዛ ስሄድ ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነበር። የባሕር ዛፉን ጣውላ በእጁ መታ አድርጎ «ጌታዬ፣ ይህ እርጥብ ነው። ሁለት ሦስት ወር ጥላ ሥር ተጋድሞ ካልደረቀ ይጣመማል» አለኝ።

«እኔ የምፈልገው ለሳምንት ነው» አልኩት። በሳምንት ውስጥ ሠርቼ መጨረሴን ማለቴ ነው።

«ለሳምንት ከሆነማ ይበቃዎታል» አለና ጫነልኝ።

አሁን ስለ ሜትሩ ልናገር። የበሩን ቁመት የለካሁት ከመሥሪያ ቤት ባመጣሁት ሜትር ነው። በትክክል ለካሁ፤ መዳፌ ላይም ጻፍኩት። ያን ሜትር የንብረት ክፍል ኃላፊው ስለፈለገው መለስኩና፣ ለጣውላው የእትዬ ሙሉን ሟች ባል ሜትር ተዋስኩ። የእሳቸው ሜትር ጫፉ ተሰብሮ የመጀመሪያው አሥር ሳንቲሜትር የለም፤ የሚጀምረው ከአሥራ አንድ ነው። እኔ ይህን አላየሁም። ሜትሩን ጣውላው ጫፍ ላይ ይዤ ቁጥሩ ጋ ምልክት አድርጌ ልቆርጥ ስል የሺ ደጃፍ ላይ ቆማ «ሜትሩ እኮ...» አለች።

«ቆይ» አልኳት፤ መጋዙ መስመሩን እንዳይስትብኝ።

ሁለተኛውን ስቆርጥ «እኔ ምልህ፣ ሜትሩ...» አለች።

«ቆይ የሺዬ።»

ሦስተኛው ላይ አፏን ስትከፍት ገና «ቆይ» ብዬ መዳፌን አሳየኋት። እሷም ገባች።

ረቡዕ ጠዋት የተሠራውን መዝጊያ አቁሜ በሩ ላይ ስለካው፣ ከላይ ሲገጥም ከታች አንድ ዶሮ ጎንበስ ሳትል የምታልፍበት ክፍተት ቀረ። ከታች ሳስገጥመው ከላይ የእትዬ ሙሉን የጣሪያ ክዳን አየሁበት። መዳፌን አየሁ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ጣውላውን አየሁ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ሁለት ልክ ተደምሮ እንዴት ስሕተት ይሆናል ብዬ የሒሳብ አስተማሪዋን ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። ማጠፊያ ልገዛ ወደ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ አንድ ቁራጭ ጣውላ በትምህርት ቤት ማስመሪያ ተለክቶ፣ በእርሳስ ተሰምሮ፣ መጋዙ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁ። እኔም ቆርጬ ከታች ቀጠልኩት። ማን እንደለካው አልጠየቅሁም፤ እሷም አልነገረችኝ። ልጅ ሲያድግ ቀሚሱ ላይ እንደሚቀጠል ጨርቅ ሆኖ፣ ከመዝጊያው ሁሉ የገጠመው እሱ ብቻ ነበር።

ገበያ ያገኘኝ ነገር ግን ይበልጣል። ማጠፊያ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ዳኘው ይዞኝ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ዳኘው መዝገብ ቤት አብሮኝ የሚሠራ፣ የሰው ችግር ሲሰማ ምሳው የማይበላለት ሩኅሩኅ ሰው ነው። ቤቴ መዝጊያ እንደሌለው ሰምቶ ሊያዝንልኝ እንደመጣ ገመትኩ።

«ሰማሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሰኞ ጠዋት አሰናበትኳት።»

«ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ?»

«ምን ላድርግ? አርጅታ ነበር። ጩኸቷም በዛ። ጠዋት ስወጣ ትጮሃለች፣ ማታ ስገባ ትጮሃለች።»

«እሱማ የማንኛችንስ አትጮህም?» አለ ዳኘው አዝኖ። «አሁን የት ናት?»

«ጓሮ ጥያታለሁ። ዝናቡ እየመታት ነው።»

ዳኘው አማተበ። «ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ከሲማዳ ሲመለሱ አዲሷን ያገኛሉ። ድንገት ሲያዩዋት ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው።»

«አዲስ አለች ማለት ነው?»

«አለች እንጂ። ቁመቷ ትንሽ አጠረብኝ እንጂ ሌላ እንከን የላትም። ዛሬ ነገ አስገባታለሁ።»

ዳኘው ሊገዛ የመጣውን ሳይገዛ ወጣ። ሰውየው ስለ መዝጊያ ይህን ያህል ማዘኑ ገርሞኝ ነበር።

ኋላ ስሰማ በከተማው ወሬው ከማክሰኞ ጀምሮ ይናፈስ ኖሯል። እኔና የሺ ተለያይተናል፤ ንብረት ስንካፈል በመዝጊያው ስላልተስማማን ነቅለን ሳንቃ ሳንቃውን ተካፍለናል። ማስረጃው በዓይን ይታያል፤ ቤቱ ክፍት ነው፣ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ቆሞ የሚጭነው መኪና ይጠብቃል። ባልና ሚስት ሲለያዩ በሬ ይካፈላሉ፣ ቆርቆሮ ይካፈላሉ፤ መዝጊያ የተካፈሉ ግን እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው ተባለ። እትዬ ሙሉ ደግሞ ክፋት የላቸውም፣ ምላስ ብቻ ነው ያላቸው። ወደ ወገዳ ለሚሄድ ነጋዴ በሚኒባሱ መስኮት በኩል «እባክህ የየሺን አባት ብታገኛቸው ልጅዎ ሜዳ ላይ ናት በላቸው» ብለው ላኩበት። ወገዳ የሲማዳ ገበያ ነው፤ ወሬው ሐሙስ ሳይመሽ አማቴ ዘንድ ደረሰ።

ዓርብ ጠዋት መዝጊያውን ሰቀልኩት። ማጠፊያው በብሎን ይታሰራል፤ ብሎኑ እምቢ ሲለኝ በረዥም ሚስማር መታሁት። ጠርዙ መቃኑን እየነካ ስላስቸገረኝ ደግሞ ላግኩት፤ ገና ጠበቅ እንዳለ ግን ቸኩዬ ተውኩት። እጀታ ሁለት ገዝቻለሁ። መጀመሪያ የገጠምኩት የውጭውን ነው፤ አላፊ አግዳሚ የሚያየው እሱን ነዋ። የውስጡን ለከሰዓት ቀጠርኩት። የውስጡን ገጽ ግን መላጊያው ስለጣመኝ እየደጋገምኩ ልጌው እንደ መስተዋት ለስልሶ ነበር። የሺ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ራሷን ስላዞራት የጓሮውን መስኮት ከፍታ አየር ታስገባለች። እኔ መሣሪያዎቼን ሁሉ ውጭ ደጃፉ ላይ ትቼ፣ በአዲሱ መዝጊያ በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ በክብር ገባሁ። ሻይ እንዳልጠጣ ፍልሰታ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች መጡ። ከፊት የንስሐ አባታችን መምሬ አዱኛ፣ መስቀላቸውን ይዘው። መምሬ በቤተ ልሔም ድጓ ቤት የተማሩ፣ ቃል ሲናገሩ እየመዘኑ የሚያወጡ አባት ናቸው። ቀጥሎ ዳኘው፣ ክራቫት አስሮ። ከኋላ አማቴ አያ ውበቱ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት በጭቃ ተለውሶ፣ በትራቸውን ይዘው። አያ ውበቱ በአረም ጊዜ ማሳቸውን ትተው ለሠርግ እንኳ የማይመጡ ገበሬ ናቸው። እጃቸውን ሰጡኝ እንጂ ትከሻቸውን አልሰጡኝም።

«አባባ፣ በአረም ጊዜ?» አለች የሺ ደንግጣ።

«አረሙ ይቆየኛል» አሉ አያ ውበቱ። መዝጊያውን አልፈው ሲገቡ አላዩትም።

ተቀመጡ። መምሬ አጭር ጸሎት አደረሱና «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እንግዲህ አንተ ቅደም። ምን በደል አገኘህባት?»

«በማን?» አልኩ።

«በባለቤትህ።»

የሺን አየኋት። እሷም አየችኝ። «ምንም» አልኩ።

«ምንም ሳታገኝባት ነው ጓሮ የጣልካት?» አለ ዳኘው። «ዝናብ እየመታት ነው አላልከኝም? አዲሷ ቁመቷ አጠረ እንጂ እንከን የላትም አላልከኝም?»

ያን ጊዜ ገባኝ። «ዳኘው፣ መዝጊያዋን ነው እኮ» አልኩት።

መምሬ አዱኛ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ዳኘው ክራቫቱን አላላ። የሺ ወደ ጓሮ መስኮት ዞረች፤ ስትስቅ ጀርባዋን አውቀዋለሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁላችንም በሰላም በወጣን ነበር። ያልሳቁት አያ ውበቱ ብቻ ናቸው።

«ቆዩ» አሉ። «እኔ አረሜን ጥዬ፣ ሁለት መኪና ቀይሬ፣ የቀረውን በእግሬ አቡክቼ ነው የመጣሁ። መቼም ከመጣሁ ሳልጠይቃት አልመለስም። የሺ፣ ሽማግሌ ፊት ነሽ። ቅሬታ አለሽ ወይስ የለሽም?»

የለኝም እስክትል እየጠበቅሁ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ።

የሺ መዝጊያውን ረዘም አድርጋ አየችው። «አለኝ» አለች።

በዚያው ቅጽበት ነፋሱ በጓሮ መስኮት ገብቶ ሳሎኑን አቋርጦ መዝጊያውን ድው አድርጎ ዘጋው። ግድግዳው ተነቃነቀ፣ ከጣሪያ አቧራ ወረደ። ማንም ልብ አላለውም። እኔም ሳልሸሽግ ልናገር፣ መዝጋቱን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር።

«አይሰድበኝም» አለች የሺ። «አይጠጣም፣ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ግን አባባ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ‹አላውቅም› ሲል አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሬዲዮኑን አውቃለሁ ብሎ ፈታው፤ አሁን ዝም የሚል ሬዲዮ አለን። ቧንቧውን አውቃለሁ ብሎ ነካው፤ ሠፈሩ ሁለት ቀን ከእኛ ደጅ ቀዳ። ለዚህ መዝጊያ ሜትሩ ከአሥራ አንድ እንደሚጀምር አይቼ ሦስት ጊዜ ልነግረው ስል ሦስት ጊዜ ‹ቆይ› አለኝ። የሰውን ልጅ ሁሉ ሒሳብ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤት ስሜ መምህርት ነው፤ ቤቴ ስገባ ስሜ ቆይ ነው።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብታደርገው ይሻለኝ ነበር። የምመልሰው ፈለግሁ። በአሥራ ስድስት ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራዬ የፈለግሁትን ፋይል ያጣሁት በዚያን ዕለት ነው።

ያዳነኝ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው። መምሬ ብድግ አሉ። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ቀዳሹ እሳቸው ናቸው። «ነገሩ ከቅዳሴ በኋላ ይቀጥላል። አሁን ልድረስ» ብለው ወደ መዝጊያው ሄዱ። እጃቸውን ዘረጉ። የተላገውን ገጽ ከላይ ወደ ታች ዳሰሱ፣ ከታች ወደ ላይ ዳሰሱ።

«እጀታው የት አለ?»

«ውጭ ነው አባታችን» አልኩ።

«የውስጡስ?»

«ለከሰዓት ቀጥሬዋለሁ።»

መዝጊያው ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ከውስጥ ደግሞ የሚይዙት ነገር የለውም። ዳኘው በጥፍሩ ሞከረ። እኔ በመዳፌ ሞከርኩ። ነፋሱ መቃኑ ውስጥ እንደ ውታፍ ወትፎታል፤ እርጥብ እንጨት ከእርጥብ መቃን ጋር ተቃቅፎ አልላቀቅ አለ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ አንድ የተዋጣልኝ ነገር የዚያ ገጽ ልስላሴ ነው፤ እሱም በእኔው ላይ ተነሣ። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ አላቸው። ፍርግርጉን ያሠራሁት ሌባ እንዳይገባ ነበር፤ ቄስ እንዳይወጣ ያን ጊዜ ማን አሰበ።

አያ ውበቱ ከወንበራቸው ሳይነሡ «እኔ እንኳ ልጄን ይዤ ልሄድ ነበር የመጣሁ» አሉ።

«በየት በኩል አባባ?» አለች የሺ።

በዚህ ጊዜ እትዬ ሙሉ በፊት ለፊቱ መስኮት ብቅ አሉ። «እሰይ፣ ታረቃችሁና ዘጋችሁ?»

«ተዘግቶብን ነው እትዬ። እስቲ ከውጭ ይግፉልን» አልኳቸው። ገፉ። ሰባ ዓመት የሞላው ትከሻ የቻለውን አደረገ፤ መዝጊያው ግን ንቅንቅ አላለም። ሰው እንዳይጠሩ ዝናቡ ወርዶ መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። መምሬ በግዕዝ ስለ ደጅ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ሁለተኛው ደወል ተደወለ።

«እትዬ፣ ደጃፉ ላይ መሮና መዶሻ አለ፤ በፍርግርጉ ያቀብሉኝ» አልኩ። አቀበሉኝ። መሮውን መቃኑና መዝጊያው መሐል ሰክቼ ኃይሌን ሰብስቤ መታሁት። ከመቃኑ የእጅ ስፋት ያህል ስንጥር ተፈንጥሮ በዳኘው ጆሮ ሥር አለፈ። ልደግም መዶሻውን ሳነሣ አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። የአያ ውበቱ እጅ ነው። ያ እጅ ዕድሜ ልኩን ሞፈርና ቀንበር ጠርቧል፤ ሲይዝ አይጨምቅም፣ ግን አይለቅም።

«ይህን ሥራ ታውቀዋለህ?» አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም፤ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው።

አፌ ‹አዎ› ለማለት ተከፍቶ ነበር። ልማድ ነው። ዳኘው ያየኛል፣ መምሬ ያዩኛል፣ እትዬ ሙሉ በፍርግርጉ መሐል አፍንጫቸውን አስገብተው ያዩኛል። የሺ ግን አታየኝም፤ ወለሉን ነበር የምታየው። መልሱን አስቀድማ እንደምታውቀው ጥያቄ።

«አላውቅም» አልኩ።

መዶሻውን ዝቅ አደረግሁ። ሌላ ነገር አልሆነም። ሰማይ አልተደፋም። የሺ ቀና አለች።

«ያሳዩኝ» አልኩ።

አያ ውበቱ አላሳዩኝም፤ አሠሩኝ። መሮውን በእጄ አስይዘው «በጉልበት አይደለም። እንጨት ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ይነግርሃል፤ አንተ ዝም ብለህ ስማው» አሉ። መጀመሪያ ከመዶሻው ሥር ቁራጭ እንጨት አስደገፉኝና፣ መቃኑ ላይ የመታኋቸውን ሚስማሮች በመዶሻው መንቀያ አንድ በአንድ ቀስ እያልኩ አወጣሁ። በመዝጊያው በኩል ያሉትን እንዳልነካ ከለከሉኝ። የላይኛው ማጠፊያ ከመቃኑ ተላቀቀ፣ መሐለኛው ተላቀቀ፣ የታችኛውም። አሁን ማጠፊያዎቹ መዝጊያው ላይ ተንጠልጥለው የሚያዝ ነገር ሆኑ።

«ገመድ» አሉ አያ ውበቱ። ገመድ ቤት ውስጥ አልነበረም። ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ ዳኘው ዞርን። ዳኘው ቀበቶውን ፈታ። አጠረ። ክራቫቱን ቀጠለበት። እሱን መሐለኛው ማጠፊያ ላይ ጠምጥመን ቋጠርንና፣ እኔ፣ ዳኘውና አያ ውበቱ ያዝን። ዳኘው በአንድ እጁ ገመዱን፣ በሌላው ሱሪውን። የሺ ከኋላዬ መጥታ ወገቤን ያዘች።

«እትዬ፣ ከውጭ ይግፉ» አለች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

መዝጊያው እንደ ጥጃ ጮኸና ወጣ። እኔ በየሺ ላይ፣ ዳኘው በእኔ ላይ፣ መዝጊያው በዳኘው ላይ፣ እትዬ ሙሉ ደግሞ ሲገፉ መቆም ስላቃታቸው ከነዝናባቸው በመዝጊያው ላይ። አያ ውበቱ ብቻ በጊዜ ለቀው ቆመው ነበር። መምሬ አዱኛ መስቀላቸውን አንሥተው በላያችን አማተቡ፣ ልብሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ ሁላችንንም ተሻግረው ወጡ። ጭቃው ላይ በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ ሲሮጡ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያወራል። ሦስተኛው ደወል ሳይደወል ደርሰዋል።

የሺ ከሥር ሆና ትስቅ ነበር። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ተጎዳሽ?» ብላት «ቆይ» አለችኝ።

ዕርቁን ለመጨረስ መምሬ ከቅዳሴ በኋላ ሲመለሱ የሚታረቅ ሰው አላገኙም። እኔና የሺ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ እሷ ትለካለች እኔ አሰምራለሁ። አያ ውበቱ መዝጊያውን እንደታመመ ከብት አጋድመው ከወዲህ ከወዲያ ያገላብጡታል። ጠርዙን ዳሰሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማጠፊያውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከታች ያለው ቅጥያ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህስ ጥሩ ተገጥሟል» አሉ።

«እሱን የለካችው የሺ ናት» አልኩ።

አያ ውበቱ ሦስት ቀን ቆዩ። አረማቸውን እያሰቡ፣ ሌሊት ስለ ገብሱ እያወሩ ቆዩ። ጠርዙን እንደገና አስላጉኝ፣ ማጠፊያውን በብሎን አሳሰሩኝ፣ እጀታ ከውስጥም ከውጭም አስገጠሙኝ። በሦስተኛው ቀን ሄደው መኪና ሲጠብቁ «ለመስቀል ልጆቹን ልትወስድ ስትመጣ መሮህን ይዘህ ና» አሉኝ። ትከሻቸውንም ሰጡኝ።

ሄድኩ። ከወገዳ ወዲያ መንገዱ በእግር ነው፤ መሮው ከረጢት ውስጥ ሆኖ ጎኔን እየወጋኝ ደረስኩ። በማግሥቱ አያ ውበቱ ደጃፍ ተቀምጠን ሞፈር ስንጠርብ፣ ማለቴ እሳቸው ሲጠርቡ እኔ ስይዝ፣ አንድ ጎረቤታቸው በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። ጠና ያለ፣ ፊቱ የማይፈታ ገበሬ ነው።

«ይህ ነው ንፋስ መውጫ ያለው አማችዎ?»

«እሱ ነው» አሉ አያ ውበቱ። «አናጢ ነው።»

ደንግጬ ቀና አልኩ። እሳቸው ከሥራቸው ዓይናቸውን አላነሡም።

«ምን ሠርቷል?»

«መዝጊያ» አሉ፣ ሳይስቁ። «የተጣሉ ሰዎችን ከነሽማግሌያቸው አስገብቶ፣ ተነጋግረው ካልጨረሱ የማያስወጣ መዝጊያ።»

ሰውየው በትሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ወደ ወንዙ ማዶ፣ አንዲት የሣር ቤት ወዳለችበት አየ።

«እኔና ወንድሜ በድንበር ከተኳረፍን ስድስተኛ ዓመታችን ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የምንዘጋበት ቤት የእኔ ይሁን። መቼ መጥተህ ትለካልኛለህ?»

አያ ውበቱን አየኋቸው። ሞፈሩን ወደ ብርሃኑ አንሥተው፣ ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይናቸው ይመለከቱ ነበር።